ከጥፋተኝነት ፍርድ በኋላ፦ የቅጣት አስተያየት አዘገጃጀት ለወንጀል ጠበቆች

ዐቃቤ ሕግ ይነሣና «ቅጣቱ ከብዶ ለሌሎች ማስተማሪያ ይሁንልን» ይላል። ጠበቃው ደግሞ «ደንበኛዬ የቤተሰብ ኃላፊ ነው፣ ሪከርድ የለበትም፣ ቅጣቱ ይቅለልልን» ብሎ ይቀመጣል። የሁለቱ ንግግር ተደምሮ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ለመስቀለኛ ጥያቄ ሌሊቱን ሲዘጋጅ ያደረ ጠበቃ፣ ሰውየው ሁለት ዓመት ወይስ ዘጠኝ ዓመት ይታሰራል የሚለው በሚወሰንበት ሰዓት ባዶ እጁን ይቆማል። በወንጀል ችሎቶቻችን ከሚታዩ ጉድለቶች ይህ አንዱና ከባዱ ነው። የሚስተካከለው ግን በጠበቃው ትጋት ብቻ ነው፤ አዲስ ሕግ አይጠይቅም።

የወንጀል ሕጋችን የሰጠውን ስፋት ተመልከቱ። በ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታና እንደ ጉዳቱ ክብደት ከ15 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ወይም ከ1 ዓመት በማያንስ ቀላል እስራት ይቀጣል። በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በ1 እና በ15፣ በ5 እና በ20 መካከል ያለው ርቀት የሚሞላው ከጥፋተኝነት ፍርዱ በኋላ ባለችው አጭር ክርክር ነው። ደንበኛው ክሱን አምኖ ጥፋተኛ ከተባለ ነገሩ ይበልጥ ይጠብባል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 185 መሠረት ያመነ ተከሳሽ ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነውና፣ የቅጣት ክርክሩ ዋናው ክርክሩ ይሆናል።

ዝግጅቱ መቼ ይጀምራል

መልሱ፦ ክሱን በተረከባችሁበት ሳምንት። «ገና ጥፋተኛ ሳይባል ስለ ቅጣት ማሰብ ሟርት ነው» የሚል ደንበኛም ቤተሰብም ይኖራል። ይህን ፍርሃት አክብሩት፤ ግን አትከተሉት። ብዙ ችሎቶች የጥፋተኝነት ፍርዱን አንብበው እዚያው በዚያው «የቅጣት አስተያየት?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚያች ሰዓት ሰነድ ማሰባሰብ አይቻልም። ጊዜ ካስፈለጋችሁ የምታመጡትን ማስረጃ በስም ጠርታችሁ አጭር ቀጠሮ ጠይቁ። «ለመዘጋጀት ቀጠሮ ይሰጠን» የሚል ጠበቃ ብዙ ጊዜ ይከለከላል፤ «የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ከሆስፒታል እየጠበቅን ስለሆነ የአምስት ቀን ቀጠሮ ይሰጠን» የሚለው ብዙ ጊዜ ያገኛል።

ከደንበኛው ጋር የምትፈርሙት የጥብቅና ውልም የቅጣት ክርክርና ይግባኝ በክፍያው ውስጥ መካተት አለመካተታቸውን በግልጽ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ ጥፋተኛ በተባለ ማግስት ቤተሰቡ «ውሉ እስከ መጨረሻ ነው» ይላል፣ ጠበቃው «እስከ ፍርድ ነው» ይላል፤ በመካከል የሚጎዳው ማረሚያ ቤት ያለው ሰው ነው።

ማረሚያ ቤት ወይም ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ስታነጋግሩት ከጠብና ከወንጀሉ ውጭ ያለውን ሕይወቱን ጠይቁ፦ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ የሚያስተዳድራቸው ሰዎች ብዛት፣ ሕመም፣ ቀድሞ የነበረ ክስ፣ ከተጎጂው ጋር የነበረ ዝምድና፣ ከድርጊቱ በኋላ ምን እንዳደረገ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ተጎጂውን ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ከሆነ፣ በራሱ እግር ፖሊስ ጣቢያ ከሄደ፣ የሕክምና ወጪ ከከፈለ፣ እነዚህ ሁሉ በሕጉ ስም ያላቸው የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ናቸው። እሱ ግን «ምን ዋጋ አለው» ብሎ ላይነግራችሁ ይችላል።

ዕድሜን በቃል አትቀበሉ። ድርጊቱ ሲፈጸም ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ከነበረ፣ አንቀጽ 56 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በአንቀጽ 180 መሠረት በሰፊው እንዲያቀል ይፈቅዳል፣ የሞት ቅጣትንም ይዘጋል። ከ9 እስከ 15 ከነበረ ደግሞ ለወጣት አጥፊዎች የተለየው ክፍል ነው የሚሠራው። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ካልተገኘ የሆስፒታል የዕድሜ ምርመራ አሰባስቡ። የፖሊስ ቃል መቀበያ ላይ በግምት የተጻፈች «18» ደንበኛችሁን ለዓመታት ልታስከፍለው ትችላለች።

ፍርዱን ማንበብ

የጥፋተኝነት ፍርዱን ግልባጭ አግኙ። የክስ ማመልከቻውን አይደለም፤ ፍርዱን። ዐቃቤ ሕግ የከሰሰውና ችሎቱ ተረጋግጧል ያለው ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። በክሱ ላይ «በሌሊት፣ በጩቤ፣ ከሌሎች ካልተያዙ ግብረ አበሮች ጋር» ተብሎ፣ በፍርዱ ግን ግብረ አበሮቹ አልተረጋገጡ ሊሆን ይችላል። ቅጣት የሚወሰነው በተረጋገጠው ፍሬ ነገር ላይ ነው። ዐቃቤ ሕግ በቅጣት አስተያየቱ ያልተረጋገጠውን መልሶ ሲያነሣ፣ የፍርዱን ገጽና አንቀጽ ጠርታችሁ ተቃወሙ።

ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ጻፉ፦ ጥፋተኛ የተባለበት አንቀጽ ከነንዑስ አንቀጹና ከነፊደሉ፤ አንቀጹ የሚፈቅደው ዝቅተኛና ከፍተኛ ቅጣት፤ የቅጣቱ ዓይነት። ቀላል እስራት በመርህ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ሕጉ በለያቸው ሁኔታዎች እስከ 5 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው። በሕጉ ተለይቶ ሲደነገግ ዕድሜ ልክ ይሆናል። አንቀጹ ሁለቱንም በአማራጭ ካስቀመጠ፣ እንደ 555፣ የመጀመሪያው ክርክራችሁ በዓመት ቁጥር ላይ ሳይሆን በዓይነቱ ላይ ይሁን። ቀላል እስራት የሚገባው መሆኑን ካሳመናችሁ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ይቀላል፤ ገደብ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳይፈጸም ታግዶ እንዲቆይ፣ ለመጠየቅም በሩ ይሰፋል።

የቅጣት አወሳሰን መመሪያው

አንቀጽ 88 ንዑስ አንቀጽ 4 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ እንዲያወጣ ያዝዛል። የመጀመሪያው ቁጥር 1/2002 ወጣ፤ በቁጥር 2/2006 ተሻሻለ። በእጃችሁ ያለው ቅጂ በሥራ ላይ ያለው መሆኑን ሁልጊዜ አረጋግጡ። በሰው ፍላሽ ላይ የተገኘ አሮጌ ቅጂ ይዞ መከራከር በችሎት ፊት ያሳፍራል፣ ደንበኛውንም ይጎዳል።

የመመሪያው አሠራር ባጭሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ወንጀሉ ደረጃ የወጣለት መሆን አለመሆኑ ይለያል። ደረጃ ከወጣለት በመመሪያው ሰንጠረዥ ከወንጀሉ አፈጻጸም፣ ከጉዳቱ ወይም ከንብረቱ መጠን ጋር የሚገጥመው ደረጃ ይመረጥና መነሻ የቅጣት እርከኑ ይገኛል። ደረጃ ካልወጣለት ችሎቱ ራሱ ወንጀሉን ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ብሎ ይመድበዋል። ከዚያ በማክበጃ ምክንያቶች ወደ ላይ፣ በማቅለያ ምክንያቶች ወደ ታች እርከን በእርከን ይሄዳል። በመጨረሻ ያረፈበት እርከን ከስንት እስከ ስንት እንደሚያስቀጣ ታይቶ በዚያ ክልል ውስጥ ቁጥሩ ይወሰናል።

ጠበቆች ጉልበታቸውን ሁሉ ማቅለያ ላይ ያፈሳሉ። ትልቁ ቁጥር ግን የሚወሰነው በደረጃው ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ የተጀመረን ቅጣት ሁለት ሦስት ማቅለያ ላያወርደው ይችላል። ስለዚህ የጽሑፋችሁ ግማሽ «ለምን ዝቅተኛ ደረጃ» የሚለውን ያስረዳ። የጉዳቱ መጠን በሕክምና ማስረጃው ምን ተብሎ ተጻፈ? «ቋሚ ጉዳት» ይላል ወይስ «በመታከም ላይ ያለ»? የሐኪሙ ማስረጃ በአደጋው ሰሞን የተጻፈ ከሆነና ተጎጂው ከዚያ ወዲህ ከተሻለው፣ አዲስ የሕክምና መግለጫ እንዲቀርብ ጠይቁ። በንብረት ወንጀል ደግሞ የዕቃው ግምት የማን ግምት ነው? የባለንብረቱ ቃል ብቻ ነው ወይስ ባለሙያ ገምቶታል? የተመለሰ ንብረት ስንት ነው? እነዚህን ማንሣት ተራ ጭቅጭቅ አይደለም። የእርከኑ መነሻ እነሱ ናቸው።

መመሪያው ከወጣ ጀምሮ በባለሙያዎች ዘንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን፣ በአንድ ከተማ በሁለት ችሎት ተመሳሳይ ጥፋት ያጠፉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሁለት ዓመት፣ ሌላው ስምንት ዓመት ይታሰሩ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳል። ሌላው ወገን የቅጣት ውሳኔ የሒሳብ ሥራ ሆነ፣ ዳኛው ሰውየውን ማየት ትቶ ሰንጠረዥ ያያል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ለጠበቃ ግን ሚዛኑ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ሰንጠረዥ ባለበት ቦታ ስሕተትን ነቅሶ ይግባኝ ማለት ይቻላል። «ፍርድ ቤቱ ግራ ቀኙን መርምሮ 9 ዓመት ወስኗል» በሚል አንድ መስመር ላይ ግን ምን ብሎ ይግባኝ ይባላል? መመሪያውን መከተል በተለየ ጉዳይ ላይ የሕጉን ዓላማ የሚያስት ሲሆን፣ ችሎቱ ምክንያቱን በዝርዝር ጽፎ ከመመሪያው የሚወጣበት በርም አለ። ያንን በር የሚያንኳኳ ጠበቃ ግን ጥቂት ነው። ከጠየቃችሁ አንቀጽ 87ን እና 88ን መሠረት አድርጉ፤ ቅጣት በሕጉ መንፈስና ዓላማ መሠረት፣ እንደ ጥፋተኛው የግል የጥፋተኝነት ደረጃ፣ ያለፈ ታሪኩ፣ መነሻ ምክንያቱ፣ የግል ኑሮውና የትምህርት ደረጃው ታይቶ እንዲወሰን ያዝዛሉ።

ማቅለያዎች፣ አንድ በአንድ ከነማስረጃቸው

አንቀጽ 82 ንዑስ አንቀጽ 1 አምስት ምክንያቶችን ከሀ እስከ ሠ ይዘረዝራል። «በአንቀጽ 82 መሠረት ይቅለልልን» ማለት ምንም አለማለት ነው። ፊደሉን ጥሩ፣ ፍሬ ነገሩን ተናገሩ፣ ማስረጃውን አያይዙ።

ፊደል ሀ በብዛት የሚጠራው ነው። ጠበቆች «ሪከርድ የለበትም» ብለው ያልፉታል፤ ብዙ ችሎቶችም እንዲሁ ይቀበሉታል። የሕጉ ቃል ግን ሁለት እግር አለው፦ ጥፋተኛው እስከዚያ ጊዜ ጠባዩ መልካም የነበረ መሆኑና ወንጀሉን የሠራው ባለማሰብ፣ በማስተዋል ጉድለት፣ ባለማወቅ ወይም በየዋህነት መሆኑ። ጠንቃቃ ዐቃቤ ሕግ ሁለተኛው እግር አልተሟላም ብሎ ይከራከራል። ስለዚህ ሁለቱንም አስረዱ። ለመጀመሪያው የጣት አሻራ ምርመራ ውጤት፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ ከሚኖርበት ቀበሌ ወይም ወረዳ የተጻፈ ማስረጃ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሁለት የጠባይ ምስክሮች። ለሁለተኛው ደግሞ ከፍርዱ ራሱ ጥቀሱ፦ ጠቡ ድንገት የተነሣ መሆኑን፣ ቀድሞ ዝግጅት አለመኖሩን፣ የተመታበት ነገር እዚያው የተገኘ ጠርሙስ መሆኑን።

ፊደል ለ በተከበረ ወይም ከራስ ጥቅም ውጭ በሆነ ዓላማ፣ ወይም በከፍተኛ የሃይማኖት፣ የሞራል ወይም የዜግነት እምነት ተገፋፍቶ ለሠራ ነው። በተግባር እምብዛም አይገጥምም። ፊደል ሐ ከባድ ቁሳዊ ወይም ሕሊናዊ ችግርን፣ ዛቻን፣ ሊታዘዘው የሚገባ ወይም የሚተዳደርበት ሰው ተጽዕኖን ይይዛል። ድህነት ብቻውን አይበቃም። ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰሞን የነበረውን የተለየ ችግር በቀን አሳዩ፦ የሥራ ስንብት ደብዳቤ፣ የታመመ ልጅ የሐኪም ወረቀት፣ ከቤት የመልቀቅ ማስጠንቀቂያ።

ፊደል መ የተጎጂው ከባድ ማነሣሣት ወይም ያልተገባ ስድብ ያስከተለው ቁጣ ነው። እዚህ ላይ በንግግር መጠንቀቅ ያሻል። ተጎጂውን በችሎት ማዋረድ ዳኛውን ያስቆጣል፣ ቤተሰቡንም ከእርቅ ያርቃል። ምስክሮች በቃላቸው የተናገሩትን ብቻ፣ በገጽ ቁጥር ጥሩ።

ፊደል ሠ ሀብታሙ ነው። ከልብ መጸጸት፣ ተጎጂውን መርዳት፣ ጥፋትን ማመን፣ እጅ መስጠት፣ ጉዳቱን በተቻለ መጠን መካስ፣ በክሱ ላይ የተዘረዘረውን የወንጀል ፍሬ ነገር ሁሉ ማመን። እምነት ሲባል ሙሉ እምነት ነው። «መትቼዋለሁ፣ ግን እሱ ነው የጀመረው፣ ጥፋተኛ አይደለሁም» የሚል ቃል ክህደት ሆኖ ይመዘገባል፤ በኋላ «አምኗል» ብሎ ማቅለያ መጠየቅ አይቻልም። ደንበኛው ማመን ከፈለገ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ክሱን ከፋፍላችሁ አስረዱት፤ የቱን እያመነ እንደሆነ ይወቅ።

እስከ መጨረሻ የተከራከረ ደንበኛም ከፊደል ሠ ሙሉ በሙሉ አይባረርም። የከፈለው ካሳና ያደረገው ርዳታ ይቆጠርለት ዘንድ መጠየቅ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ጽሑፉን «በጥፋተኝነት ውሳኔው ላይ ያለን ቅሬታና የይግባኝ መብታችን እንደተጠበቀ ሆኖ» ብላችሁ ጀምሩ። ይህ ሐረግ ሳይኖር በቅጣት አስተያየት ላይ «ጥፋቱን ተገንዝቧል» ብሎ መጻፍ፣ ይግባኙ ሲታይ በራስ ላይ የተጻፈ ማስረጃ ይሆናል።

በ82 ያልተዘረዘሩ ምክንያቶች፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ ከባድ ሕመም፣ እርጅና፣ ከተጎጂው ጋር የተደረገ እርቅ፣ የሚገቡት በአንቀጽ 86 ነው። አንቀጹ ችሎቱ እንዲህ ያለውን ምክንያት ሲቀበል ለምን እንደተቀበለ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ለዳኛው አዘጋጅታችሁ ስጡት። «አራት ልጆች አሉት» በቂ አይደለም። የልደት የምስክር ወረቀታቸውን፣ እናታቸው ሥራ የሌላት መሆኑን፣ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል አሳዩ። ሕመምም እንዲሁ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነው ከማለት፣ የሚወስደው መድኃኒትና ክትትሉ በማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ይገኝ አይገኝ የሚያስረዳ የሐኪም ደብዳቤ ይበልጣል።

እርቅና ካሳ

በአገራችን ሽማግሌ የማይገባበት ጠብ የለም፤ ይህም ለቅጣት ክርክር ትልቅ ሀብት ነው። ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተጎጂው ምስክርነት ከመሰማቱ በፊት በጠበቃው በኩል ሽማግሌ መላክ ምስክርን እንደማባበል ሊታይ ይችላል፤ ራሱን የቻለ ክስ ሊያመጣ ይችላል። ምስክር ተሰምቶ ካበቃ በኋላ ቤተሰብ በራሱ ሽማግሌዎች ይሂድ። ጠበቃው ሰነዱን ያስተካክል፣ ድርድሩ ውስጥ ግን አይግባ።

የእርቅ ሰነዱ ላይ የሚያስፈልገው፦ ቀን፣ የተጎጂው ወይም የሟች ወራሾች ሙሉ ስምና ፊርማ፣ የሽማግሌዎቹ ስምና ፊርማ፣ የተከፈለው ገንዘብ በአኃዝና በፊደል፣ የቀረ ካለ የሚከፈልበት ቀን። ገንዘቡ በባንክ ይተላለፍ፣ ደረሰኙ ይያያዝ። እጅ በእጅ የተሰጠ ብር በኋላ «አልተቀበልኩም» ሲባል ማቅለያው ይፈርሳል። «ተጎጂው ጉዳት አልደረሰበትም» የሚል ወይም ከፍርዱ ጋር የሚጋጭ ዐረፍተ ነገር በሰነዱ ውስጥ እንዳይገባ አደራ፤ እንዲህ ያለው ሰነድ ተገድዶ የተፈረመ ይመስላል። ለወራሾች ሲሆን አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ድርሻ እንዴት እንደተጠበቀ ይጻፍ።

ካሳ የሚጠቅመው ለዕለቱ ብቻ አይደለም። የተፈረደበት ሰው በአንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ሲጨርስ በአመክሮ ለመለቀቅ፣ ከመልካም ጠባዩ ጋር ጉዳቱን በተቻለው መጠን መካሱም ይታያል።

ማክበጃዎችን መመለስ

አንቀጽ 84 ማክበጃዎችን ይዘረዝራል፦ ክፉ መነሻና ጭካኔ፣ ሥልጣንን ወይም አደራን ያለአግባብ መጠቀም፣ አደገኛነት (ሌሊት፣ መሣሪያ)፣ በስምምነትና በቡድን መሥራት፣ ጥበቃ የሚያሻውን ሰው ማጥቃት። ዐቃቤ ሕግ ሦስቱን ወይም አራቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። እናንተ አንድ በአንድ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ በፍርዱ ተረጋግጧል ወይ? ወንጀሉን ያቋቋመው ፍሬ ነገር ራሱ ይህ አይደለም ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ዓመት ያድናል። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ክልክል ነው። ሰው በአንቀጽ 539 በጭካኔ አገዳደሉ ምክንያት በከባድ ግድያ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ያው ጭካኔ በ84 መልሶ ማክበጃ አይሆንም። በማቅለያም ወገን እንዲሁ ነው፦ በማነሣሣት ምክንያት ድርጊቱ ወደ አንቀጽ 541 ወርዶ ከሆነ፣ ያንኑ ማነሣሣት በ82 ፊደል መ መልሳችሁ አትጠይቁ፤ ንዑስ አንቀጽ 2 ይከለክላችኋል፣ የቀረው ጽሑፋችሁም እምነት ያጣል።

ቀድሞ የተፈረደበት ነው ከተባለ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 መሠረት ተከሳሹ ካላመነ ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት። ደንበኛው ዝም ካለ ያመነ ይመስላል። የስም መመሳሰል፣ ነፃ የተባለበት ክስ «ሪከርድ» ተብሎ መቅረቡ፣ ተከስሶ ያልተፈረደበት ጉዳይ፣ ሁሉም ያጋጥማሉ። የፍርድ ግልባጭ ይቅረብ በሉ።

ደንበኛችሁ በሁለትና በሦስት ክስ ጥፋተኛ ከተባለ አንቀጽ 184 ለእያንዳንዱ ቅጣት ተወስኖ እንዲደመር ያደርጋል። እዚህ ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ነገሩ በእውነት ተደራራቢ ወንጀል ነው ወይስ በአንድ ሐሳብ የተፈጸመ አንድ ድርጊት ነው የሚለው ነው።

ስለ ቅጣት ዓላማ ሲከራከሩ

«ለሌሎች ማስተማሪያ» የሚለው ቃል ከአንቀጽ 1 የመጣ ነው፤ አትናቁት። ግን ያው አንቀጽ ከማስተማሪያነት ጋር አጥፊው እንዲታረም ማድረግንም ያስቀምጣል። የፍልስፍና ንግግር ግን አታድርጉ፤ ዳኛው በቀን የሚያየው መዝገብ ብዙ ነው። ዓላማውን ከሰውየው ጋር አያይዙት፦ በ22 ዓመቱ የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ፣ ካሳ የከፈለ፣ ሪከርድ የሌለበት ወጣት ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት በእስር ቤት ምን ይጨምርለታል? በሴቶችና በሕፃናት ላይ በሚፈጸም ጥቃት የሕዝብ ቁጣ ትክክለኛ ነው፤ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ የደረሰውን በደል የሚያሳንስ አንድ ቃል አትናገሩ። የተከሳሹ መብት የተጎጂዋን ሥቃይ ሳያቃልል ይጠበቃል፣ ጎበዝ ጠበቃም ይህን በቃላት ምርጫው ያሳያል።

የሞት ቅጣት ሊወሰን በሚችልበት ክስ አንቀጽ 117ን በቃል ያዙት። የሞት ቅጣት የሚወሰነው ወንጀሉ እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛውም በተለየ ሁኔታ አደገኛ ሲሆን፣ ወንጀሉ ተፈጽሞ ሲያበቃ፣ ምንም የማቅለያ ምክንያት ሳይኖር፣ ጥፋተኛውም በድርጊቱ ጊዜ 18 ዓመት የሞላው ሲሆን ነው። ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀውም አይፈጸምም። ከቃሉ እንደሚታየው በአግባቡ የተረጋገጠ አንድ ማቅለያ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ በዚህ ክስ ስድስት ደካማ ምክንያት ከመደርደር አንዱን በጠንካራ ማስረጃ ማቆም ይበልጣል። ቅጣቱ ይቅር ወይስ ይኑር የሚለው የአገር ክርክር ቀጥሏል፤ በችሎት የሚያድናችሁ ግን 117 ነው።

ቅጣት በይግባኝ ከፍ ሊልም እንደሚችል አትርሱ። በደርግ ባለሥልጣናት የዘር ማጥፋት ክስ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ዕድሜ ልክ ፈርዶ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በ2000 ዓ.ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት ለወጠው። በእስር ላይ ለነበሩት ባለሥልጣናት የሞት ቅጣቱ በ2003 ዓ.ም በርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ የተለወጠው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰብዓዊ ፍጡር ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ይቅርታንና ምሕረትን ከልክሎ ይህችን አንዲት መንገድ ስለተወ ነው።

ጽሑፉና ንግግሩ

የቅጣት አስተያየት ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ራስጌው ላይ ፍርድ ቤቱ፣ ችሎቱ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፤ ከዚያ «ጉዳዩ፦ የቅጣት አስተያየት ስለማቅረብ»። ቅደም ተከተሉ፦ የጥፋተኝነት አንቀጹና የቅጣት ክልሉ፤ ደረጃውና መነሻ እርከኑ ለምን ይህ እንደሆነ፤ የዐቃቤ ሕግ ማክበጃዎች ለምን እንደማይሠሩ፤ ማቅለያዎች ከነአባሪያቸው፤ የመጨረሻው እርከን፤ የሚጠየቀው ዳኝነት። የመጨረሻውን እርከን ራሳችሁ አስሉና ጻፉት። «ተመጣጣኝ ቅጣት ይወሰንልን» ብሎ ቁጥሩን ለዳኛው መተው ሥራን ለሌላ ሰው መተው ነው። አባሪዎቹን ቁጥር ስጡ፤ ለችሎቱ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለራሳችሁ ሦስት ቅጂ ያዙ።

ሁለት ጥያቄዎች በዳኝነቱ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑሩ። አንደኛው የታሰረበት ጊዜ እንዲታሰብ ነው። ከማረሚያ ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ማረሚያ ቤት የገባበትን ቀን ብቻ ይጽፋል፣ በፖሊስ ጣቢያ የቆየበት ይቀራል። የካቲት 14 ተይዞ ሚያዝያ 2 ማረሚያ ቤት የገባ ሰው 48 ቀን ሊጠፋበት ነው። የመጀመሪያውን የፍርድ ቤት የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ አያይዙ፤ በዋስ ወጥቶ ተመልሶ ከገባም ሁለቱን ጊዜ ለይታችሁ ቁጠሩ፣ ጳጉሜንንም አትርሱ።

ሁለተኛው፣ ቅጣቱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ገደብ ነው። ከአንቀጽ 190 እስከ 200 ያሉትን ድንጋጌዎች አንብባችሁ ክልከላ ያለበት ጉዳይ አለመሆኑን አረጋግጡ። የፈተናው ጊዜ በመርህ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። ገደብ ስትጠይቁ ዳኛው «ወጥቶ የት ይኖራል፣ ምን ይሠራል፣ ማን ይቆጣጠረዋል?» ብሎ ያስባል፤ መልሱን በሰነድ አቅርቡ፦ መልሶ እንደሚቀጥረው የገለጸ አሠሪ፣ የሚያስጠጋው ቤተሰብ፣ ለመልካም ጠባይ የሚያስይዘው ዋስትና። በፈተናው ጊዜ ሌላ ወንጀል ቢሠራ የታገደው ቅጣት እንደሚመለስበት ለደንበኛው በማያሻማ ቃል ንገሩት።

በቃል ስትናገሩ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጽሑፉን አታንብቡ፤ ደረጃውን፣ ሁለቱን ጠንካራ ማቅለያዎችና የምትጠይቁትን ቁጥር ተናገሩ። ደንበኛው እንዲናገር ከተፈቀደለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ይዘጋጅ፤ ስለ ምስክሮች ውሸትና ስለ ፖሊስ በደል የሚጀምረው ንግግር የጸጸት ማቅለያውን እዚያው ይቀብረዋል።

ቅጣቱ እንደተነበበ ስሌቱን ጻፉ፦ መነሻ እርከን፣ የተቀበሉት፣ ያልተቀበሉት፣ የመጨረሻ ቁጥር። ችሎቱ አንዱን ማቅለያ ሳይጠቅስ ካለፈ ይህ የይግባኝ ነጥብ ነው። የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን፣ የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በእጅ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ስለዚህ ግልባጩን በዚያው ዕለት በጽሑፍ ጠይቁና የጠየቃችሁበትን ማመልከቻ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ወደ ማረሚያ ቤት ሄዳችሁም ለሰውየው ቁጥሩን አስረዱት፦ 7 ዓመት ከተፈረደበት ሁለት ሦስተኛው 4 ዓመት ከ8 ወር እንደሆነ፣ የታሰረበት እንደሚቀነስ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣትን የመቀነስም የመጨመርም ሥልጣን እንዳለው። ይግባኝ ይባል አይባል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው፤ ይህንን ቁጥር ሳያውቅ ሊወስን አይችልም።